አስታማሚዋ አህያና ዘግይቶ የሰማው አንበሳ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ዘግይቶ ሣሩ ከሥሩ በደረቀበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ጫካ ውስጥ ክፉ ንዳድ ገባ። ሚዳቋው እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። ከርከሮው ከጉድጓዱ መውጣት አቃተው። ጦጣዎቹ እንኳ ዛፍ ላይ መንጠልጠል ተስኗቸው መሬት ለመሬት ይጎተቱ ጀመር። ጤነኛው ሁሉ በሽታውን ፈርቶ ሲሸሽ አንዲት አህያ ብቻ አልሸሸችም። ጎረቤቷ ሚዳቋ «ውሃ! ውሃ!» እያለ ሲያቃስት ሰማችና ቅል በአንገቷ አንጠልጥላ ወደ ወንዝ ወረደች። ሥራዋ በዚሁ ተጀመረ። ያዘዛትም የለመናትም አልነበረም።

ወሬው ሲሰማ የታመመ ሁሉ ወደ እርሷ መጣ። በአንድ ትልቅ ወርካ ጥላ ሥር እየተንፏቀቀ የሚደርሰው፣ ዘመድ ተሸክሞ የሚያመጣው፣ ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ ተጥሎ የሚገኘው በዛ። እመት አህዪት ሁሉንም ውሃ ታጠጣለች፤ ዳማከሴ አኝካ ግንባራቸው ላይ ታደርጋለች፤ ዝንቡን በጭራዋ ታባርርላቸዋለች። የማይድነውንም ትንፋሹ እስኪወጣ ድረስ አጠገቡ ተኝታ ታሞቀዋለች።

የጫካው ንጉሥ አንበሳ በዚህ ነገር እጅግ ይኮራ ነበር። ከሌላ አገር እንግዳ ሲመጣበት ወደ ወርካው ይወስደውና፣ «አየህ፣ በእኔ ግዛት የታመመ አይጣልም» ይለዋል። አንበሳው ክፉ አልነበረም። ብቻ ሥራዋን እንጂ እርሷን ልብ ብሎ አይቷት አያውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እንደ ልማዱ ሊጎበኝ ሲመጣ እመት አህዪት መንገድ ላይ ጠበቀችው። ጎኗ ገብቷል፤ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ ቅሉ የሚንጠለጠልበት አንገቷ ተልጧል።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ» አለችው። «ደክሞኛል። ውሃውን እንኳ የሚያግዘኝ ቢገኝ ደግ ነበር። ደግሞም እናቴ ከታችኛው መስክ ታማ ተኝታለች ብለውኛል። ትንሽ አስታምሜያት ልመለስ።»

አንበሳው «ሂጂ» ሊላት አፉን ከፈተ። ከጎኑ የማይጠፋው ቀበሮ ግን ቀደመውና ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይቺ ከሄደች እዚህ ማን ይቀራል? ዛሬ አጋዥ ከሰጧት ነገ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። አጋዡስ ማን ይሆናል? ጎሹን ውሃ ቅዳ ቢሉት ያኮርፋል። እኔም ብሆን እርስዎን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል? ደክሞኛል እያለችኝ እኮ ነው።»

«የደከመ የሚፈልገው ክብር ነው። ሁሉም በተሰበሰበበት የአበባ ጉንጉን ያጥልቁላት። ‹የጫካው እናት› ብለው ይሰይሟት። ያን ጊዜ ድካሟን ትረሳዋለች።»

ከኋላቸው ምራቁን ሲውጥ የቆየው ጅብ ብቅ አለ። «እኔ ላግዛት! እኔ በሽተኛ በጣም ነው የምወደው!»

«ዞር በል አንተ!» አለና አንበሳው አባረረው። ከዚያም ወደ አህያዋ ዞሮ፣ «ትንሽ ታገሺ፤ እናስብበታለን» አላት።

እመት አህዪትም ቅሏን አንጠልጥላ ወደ ወንዙ ወረደች።

የክብሩ ቀን ሲደርስ አውሬው ሁሉ በወርካው ፊት ለፊት ተሰበሰበ። ቀበሮው ጉብታ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን አጠራና ንግግሩን ጀመረ።

«ይህቺ እናታችን ድካም አታውቅም! ረሃብ አታውቅም! እንቅልፍም አታውቅም!»

አውሬው መሬቱን በእግሩ እየደበደበ ደስታውን ገለጸ። እመት አህዪት ከጠዋት ጀምሮ መሐል ላይ ቆማ ነበርና ከጥላው ሥር በሽተኞቹ ውሃ እያሉ ይጣሩ ነበር። እርሷ ጆሮዋን ወደዚያ አቁማለች። ሌላው አልሰማም። አንበሳው ጉንጉኑን በተላጠው አንገቷ ላይ ሲያጠልቅላት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አየህ፣ ደስታው አስለቀሳት» አለው ለቀበሮው።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ቁራ ከታችኛው መስክ እየበረረ መጥቶ ቅርንጫፍ ላይ አረፈ።

«እመት አህዪት፣ እናትሽ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አላት። «እስኪያልፉ ድረስ ስምሽን ይጠሩ ነበር። ‹ልጄ ለሁሉ ትደርሳለች፤ ለእኔ መቼ ትደርስ ይሆን?› ይሉ ነበር።»

ቀበሮው ከጉብታው ቀስ ብሎ ወረደ። አንበሳውም «እግዜር ያጥናሽ» አላት። «ኀዘኑን ጨርሰሽ ትመለሻለሽ፣ አይደለም?»

አህያዋ ቀና ብላ አየችው። አንበሳው ቁጣ ይጠብቅ ነበር፤ በዓይኗ ውስጥ ግን ቁጣ እንኳ አልቀረም።

«በሕይወት ሳለች ልሂድ ብዬዎት ነበር፣ ጌታዬ። አሁን ልቅበራት ልሂድ።»

ጉንጉኑን ራሷን ነቅንቃ ጣለችው። ከዚያ ወደ ጥላው ሄዳ ሲጣሩ የዋሉትን በሽተኞች አንድ በአንድ አጠጣች። ቅሉን ከወርካው ግንድ ሥር አስቀመጠችና ዞር ብላ ሳታይ መንገዷን ያዘች።

አንበሳው ጠበቃት። ኀዘኑ ይወጣል ያለው ጊዜ አለፈ፤ እርሷ ግን አልመጣችም። የበሽተኞቹ ጩኸት ሲብስ ቀበሮው፣ «ጅቡ በገዛ ፈቃዱ ላግዝ ብሎ አልነበር? እሱን እናስገባው» አለ። አንበሳውም ሌላ መላ ስላጣ እሺ አለ።

ብዙም ሳይቆይ የወርካው ሥር ጭር አለ። አንበሳው ደስ ብሎት ጅቡን ጠየቀው።

«አያ ጅቦ፣ በሽተኞቹ የት ደረሱ?»

«ዳኑና ሄዱ፣ ጌታዬ!»

«ሁሉም?»

«ሁሉም! ከርከሮው ብቻ ትንሽ ጠንከር ብሎብኝ ነበር።»

«ምኑ ነው የጠነከረብህ?»

ጅቡ ደንግጦ ከንፈሩን ላሰ። «ቆዳው... አይ፣ በሽታው ማለቴ ነው!»

አንበሳው ከወርካው ጀርባ ዞሮ ሲያይ የተጋጠ አጥንት ተከምሮ አገኘ። የሚዳቋው ቀንድም ከመካከሉ ነበረ። ሲያገሳ ጫካው ተናወጠ። ጅቡ እያነከሰ እግሬ አውጪኝ አለ። ቀበሮውም፣ «እኔ መከርኩ እንጂ አላዘዝኩም» ብሎ ከዚያች ቀን ወዲያ አልታየም። እውነቱን ነበር፤ ያዘዘው አንበሳው ራሱ ነው። ይህም ነገር ከዚያ በኋላ እንደ እሾህ ይወጋው ጀመር።

ንዳዱ የንጉሥ ቤት ብሎ አይመርጥምና ወደ አንበሳው ዋሻም ገብቶ ትንሹን ደቦል ልጁን በሕመም ጣለው። እናቱ አንበሲት ከአጠገቡ ሳትለይ ታስታምመው ጀመር። አንበሳው ጠዋት ሲወጣ «በርቺ» ይላታል፤ ሲመለስም «በርቺ» ይላታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢገባ አንበሲት ቆማለች፤ ጎኗ ገብቷል፤ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ደክሞኛል» አለችው።

አንበሳው ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቶት ነበር። ካለበት ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ፣ «አንቺ ተኚ» አላትና ከወርካው ሥር ቅሉን አምጥቶ በአንገቱ አንጠለጠለ። ወደ ወንዙ መውረዱ አልከበደውም። ዳገቱን ግን ውሃው እየተንቦጫቦጨ፣ ገመዱ አንገቱን እየፈገፈገ ሲወጣው ትንፋሽ አጠረው። እዚያ ወፍራም ጋማው እንኳ አንገቱን ከገመዱ እንደማያድነው ገባው። አህያዋ ደግሞ እንደ እርሱ ያለ ወፍራም ጋማ እንኳ አልነበራትም።

በማግስቱ ጎሹን ለምኖ በእርሱ ምትክ ውሃ እንዲቀዳ ካደረገ በኋላ፣ አንበሳው አህያዋን ፍለጋ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ታችኛው መስክ ሄደ። ከሜዳ አህዮች ጋር ስትግጥ አገኛት። ሥጋዋ መለስ ብሏል፤ የአንገቷ ቁስል ጠጉር አብቅሏል። የሜዳ አህዮቹ ሲያዩት ሊሸሹ ነበር፤ እርሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«እመት አህዪት፣ ተመለሽ» አላት። «አጋዥ ብትይ አጋዥ፣ ዕረፍት ብትይ ዕረፍት፣ የፈለግሽውን ሁሉ አደርጋለሁ።»

«ያን ቀን የለመንኩዎት እኮ ይኸንኑ ነበር፣ ጌታዬ።»

አንበሳው አንገቱን ደፋ። «አጥፍቻለሁ።»

«ቂም ይዤ አይደለም የቀረሁት» አለችው። «የበሽተኛ ድምፅ ስሰማ እናቴ የጠራችኝ ይመስለኛል። አሁን እንኳ ልምጣ ብል አልችልም። የነበረኝ ተሟጥጧል።»

«ልጄ ታሟል» አላት።

እመት አህዪት ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። «ውሃውን በትንሽ በትንሹ ይስጡት። ዳማከሴውን ቀንበጥ ቀንበጡን ያኝኩለት። ከሁሉ በፊት ግን እናቱን ያሳርፏት። እርሷ ከወደቀች ሁለት በሽተኛ ነው የሚኖርዎት።»

አንበሳው አመስግኗት ተመለሰ። ያለችውን ሁሉ አደረገ፤ ደቦሉም ቀስ በቀስ አገገመ። ከዚያም አውሬውን ሰበሰበና ማስታመሙ ለሁሉም በተራ እንዲሆን ወሰነ። ጎሹ ውሃ ይቀዳል፤ የዳኑት ጦጣዎች ቅጠል ይለቅማሉ፤ ሲያስታምም ያደረ ቤቱ ሄዶ ያርፋል፤ ቤተሰብ የታመመበት ደግሞ ፈቃድ ሳይለምን ይሄዳል። አንበሳው ራሱም ተራው ሲደርስ ቅል ያንጠለጥላል። የወርካው ጥላ እንደገና ሞላ። ከርከሮውና ሚዳቋው ግን ተመልሰው አልመጡም፤ እመት አህዪትም አልመጣችም። አንበሳው ወንዝ በወረደ ቁጥር ማዶውን አሻግሮ ሳያይ አይመለስም ነበር።

አንድ ቀን ከሩቅ አገር ታማ የመጣች ኤሊ፣ አንበሳው ውሃ ሲያጠጣት፣ «ይህን ደግ ሥራ ማን ጀመረው?» ብላ ጠየቀችው።

«አንዲት አህያ ነበረች።»

«አሁን የት አለች?»

አንበሳው ቅሉን ቀና አድርጎ ኤሊዋ እስክትጠግብ ጠበቀ። «ሄደች» አላት። «ደክሞኛል ብላኝ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሕሙማንን የሚያስታምም ራሱ የሚደክም ፍጡር ነውና፣ ደክሞኛል ሲል በምስጋና ብቻ ከመሸንገል ሸክሙን ተካፍለን ልናሳርፈው እንደሚገባ፣ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ጸጸት ግን እርሱንም በእርሱ እጅ ይድኑ የነበሩትንም እንደማይመልስ ነው።