ለሦስት ሴቶች ቃል የተገባ ክርስትና

በአንድ ወቅት፣ የክር ፋብሪካው ሲያፏጭ ከተማው በሙሉ ከመኝታው በሚነሳበት ዘመን፣ ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። የምትሠራው የፈትል መኪና ላይ ነው። ሥራዋ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። የተበጠሰ ክር ቶሎ ካልተቀጠለ ይጠላለፋል፤ ከተጠላለፈ መኪናው ይቆማል፤ መኪናው ከቆመ ካቦው ይመጣል። ካቦው ሲመጣ ማንንም ደስ አይለውም።

ይታይሽ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበረች። ጊዜያዊ ሠራተኛ ወልዶ ሲመለስ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ያገኛል። ሴት ልጅ ወለደች። የልጅቷ አባት ከከባድ መኪና ጋር ወደ አሰብ እንደወረደ አልተመለሰም። ስለዚህ ወገቧ ሳይጠና ሥራ ገባች። ሕፃን ይዞ ፋብሪካ መግባት ክልክል ነው። ሕፃን ብቻውን ቤት ጥሎ መሄድ ደግሞ አይሆንም።

ከፋብሪካው በር ላይ ዳሳሽ የምትባል ጎልማሳ ሴት ቆሎ ትሸጥ ነበር። በሩ ላይ ያላት ቦታ ጥላ ያለው፣ ሠራተኛ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ብዙ ሴት ተመኝቶታል። ዳሳሽ ሕፃኗን ተቀበለችና አዘለቻት፤ ቆሎዋን መስፈሯንም ቀጠለች። በምሳ ሰዓት ይታይሽ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ታጠባታለች። እንዲህ ጥቂት ጊዜ ሄደ። አንድ ቀን ዘበኛው መጣ።

«እትዬ ዳሳሽ፣ በሩ ላይ ሕፃን እንዳያለቅስ ተብሏል።»

«እንዳታለቅስ ንገራታ! እኔን ምን አድርጊ ትለኛለህ?»

«ወይ ልጅቷን ይመልሱ፣ ወይ ቦታውን ይልቀቁ።»

ዳሳሽ መስፈሪያዋን ቆሎው ላይ ደፋች፤ ከረጢቷን አንጠለጠለችና ከፋብሪካው ኋላ፣ ከቦዩ ዳር፣ ማንም ገዢ ወደማያልፍበት ሄዳ ተቀመጠች። እዚያም አጥሩ ቀዳዳ ነበረው። በማግስቱ በሩ ላይ ሌላ ሴት ቆሎ ዘርግታ ታየች። ይታይሽ ይህን ስትሰማ በቀዳዳው በኩል የዳሳሽን እጅ ይዛ፦ «እትዬ ዳሳሽ፣ ክርስትናዋ የእርስዎ ነው» አለች።

የኋላው ቀዳዳ ግን ሩቅ ነበር። በምሳ ሰዓት ሄዶ፣ አጥብቶ መመለስ አይቻልም። የይታይሽ ጡት በሥራ ላይ እያለች ይፈስሳል፤ በእርጥቡ ልብሷ ላይ የጥጥ ብናኝ ይለጠፍበታል። ከፊት ለፊቷ ባለው መኪና የምትሠራ ጥሩሰው የምትባል ልጅ ነበረች። አላገባችም፤ አልወለደችም። ምላሷ ግን ስለት ነው።

«በግ መስለሻል» አለቻት ደረቷን እያየች። «ሂጂ አጥቢያትና ነይ። ያንቺንም የኔንም እኔ እይዛለሁ።»

«ሁለት መኪና?»

«ሁለት እጅ አለኝ አይደል!»

ጥሩሰው በሁለቱ መኪኖች መካከል እየተመላለሰች የሁለቱንም ክር ስትቀጥል ሰነበተች። አንድ ቀን ካቦው ድንገት ደረሰ።

«የዚች መኪና ባለቤት የት አለች?»

«እኔ ልኬያት ነው» አለች ጥሩሰው።

«አንቺ ማን ነሽና ሠራተኛ የምትልኪ?»

«እኔ እንጃ! ዛሬ ካቦ የሆንኩ መሰለኝ።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ካቦው አልሳቀም። ይታይሽን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ተዋት። ጥሩሰውን ግን ጥጡ ከጥቅሉ ወደሚፈታበት ክፍል አዛወራት። ያ ክፍል አቧራው ፊት ለፊት ያለውን ሰው አያሳይም። እዚያ የገባ ሁሉ ያስላል፤ ሳሉም አብሮት ይኖራል። ይታይሽ በመውጫ ሰዓት ጠብቃት አንገቷን አቀፈችና፦ «ጥሩሰው፣ ክርስትናዋ ያንቺ ነው» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ይታይሽ ከመኪናዋ መነቃነቅ አልቻለችም። ጡቷ ሞልቶ ሳይጠባ እየዋለ አበጠ፤ አተኮሳት፤ ቀስ በቀስም ነጠፈ። ሕፃኗ የላም ወተት ቢሰጣት ታስመልሳለች። መክሳት ጀመረች።

በይታይሽ ጎረቤት፣ በአንድ ግድግዳ ተለይታ የምትኖር እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። በዚያው ሰሞን ልጅ ወልዳ ሞቶባት ነበር። ጡቷ እንዲደርቅ በነጠላ ጥብቅ አድርጋ አስራው፣ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። ሰው ሁሉ ወተት እንዳላት ያውቃል፤ ማንም ግን ለመጠየቅ አልደፈረም። ነውር ነው። ሕፃኗ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ይሰማል። እንጉዳይ ሰማች፣ ሰማች። በመጨረሻ ብድግ ስትል ባሏ፦

«ወዴት ነው?» አላት።

«ይቺ ልጅ ርቧታል።»

«የሰው ልጅ አቅፈሽ ስትመለሺ ደግሞ ልታለቅሺ ነው?»

«አዎ» አለችና ነጠላውን ፈትታ ወጣች።

ሕፃኗ ያን ቀን ጠግባ ተኛች። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ዳሳሽ ታዝላታለች፤ እንጉዳይ ታጠባታለች። እንጉዳይ አጥብታ በመለሰቻት ቁጥር ልጇን እንደገና የቀበረች ያህል ታለቅሳለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን ተመልሳ ትመጣለች። ይታይሽም እግሯ ላይ ወደቀች። ምን እንዳለቻት መናገር አያስፈልግም። ያንኑ ቃል ነው።

ይታይሽን ውሸታም ልላት አልችልም። ሦስቱንም ጊዜ ስትናገር ከልቧ ነበር። በጭንቅ ቀን ሰው ያለውን ይሰጣል፤ እሷ ያላት ክርስትናው ብቻ ነበር።

የልጅቷ ሰማንያ ቀን ደረሰ። ቀኑ አይገፋም፤ የክርስትና እናትም አንዲት ናት። ልጅቷን ከውኃው ተቀብላ የምታቅፍ እሷ ናት፤ እናት ብትሞት የምትተካ እሷ ናት፤ ልጅቷ ስትዳርም ከእናቷ ጎን የምትቀመጥ እሷ ናት። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ዳሳሽ ነጭ ቀሚስ ይዛ ይታይሽ ቤት መጣች። ጥሩሰው ነጭ ቀሚስ ይዛ መጣች። እንጉዳይ ራሷ የሰፋችውን፣ ለሌላ ልጅ አዘጋጅታው የነበረውን ነጭ ቀሚስ ይዛ መጣች። ሦስቱ ቀሚሶች መደቡ ላይ ጎን ለጎን ሲዘረጉ ነገሩ ገባቸው።

«መጀመሪያ ቃል የተገባልኝ ለእኔ ነው» አለች ዳሳሽ። «ደግሞስ ማን አዘላት? ማን ላይ ሸናች?»

«እርስዎ ስንት የክርስትና ልጅ አለዎት እትዬ ዳሳሽ?» አለች ጥሩሰው። «ሰፈሩ በሙሉ የእርስዎ አይደለም እንዴ! እኔ አንድም የለኝ።»

«አንቺ ደግሞ ልጅቷን አንድ ቀን እንኳ አቅፈሻት ታውቂያለሽ? ውለታሽ ለእናቷ ነው።»

«እናቷ ካልጠገበች ልጅቷ ምን ልትጠባ ኖሯል?» አለችና ጥሩሰው ሳል ያዛት። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቋት።

«የተቀጣሽው በምላስሽ ነው» አለች ዳሳሽ። «ዝም ብትይ ኖሮ ካቦው ተቆጥቶ ያልፍ ነበር።»

«ዝም ብል ኖሮ ይታይሽን ያባርራት ነበር። ሲናደድ ወደ እኔ ዞረ። ዓይቼዋለሁ።»

ዳሳሽ ወደ እንጉዳይ ዞረች።

«አንቺማ በጡት እናቷ ሆነሻል። እናት የገዛ ልጇን ክርስትና ታነሳለች እንዴ?»

«እናቷ ከሆንኩማ» አለች እንጉዳይ፣ «ባጠባኋት ቁጥር ለምን ይወስዱብኛል?»

ዳሳሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «ሐዘንሽን ልጅቷ ላይ አታሳርፊው እህቴ። ሸክሙ ይከብዳታል» አለች። በክፋት አልነበረም። እንጉዳይ ግን ፊቷን አዞረች።

የአጥቢያው ቄስ ዘንድ ሄዱ። ቄሱ ሁሉንም ሰሙ። «ስለ ጡት እናት የተጻፈ አላየሁም» አሉ። «ሦስት የሚል ግን እንደሌለ አውቃለሁ። አንዲት ናት። ቃሉን የሰጠችው እናቲቱ ናት፤ ትምረጥ።»

ይታይሽ ያን ሌሊት አልተኛችም ይባላል። የቸገራት ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። ዳሳሽ ብትቀየም ሰኞ ልጅቷን ማን ያዝላታል? እንጉዳይ ብትቀየም ማን ያጠባታል? ጥሩሰው ደግሞ ከእንግዲህ ልትጠቅማት አትችልም፤ ብትቀየምም የሚጎድል ነገር የለም። ይታይሽን ከሁሉ በላይ ያሳፈራት ይህ ሐሳብ ነበር፤ ጥሩሰውን ለመተው ይህን ያህል የሚቀል ምክንያት መኖሩ።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተገኙ። ውኃው ተባረከ። ቄሱ፦ «የክርስትና እናቷ ትቅረብ» አሉ። ሦስቱም ሴቶች አንድ እርምጃ ቀረቡ። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። ይታይሽ ልጅቷን እንዳቀፈች አንዷን አየች፣ ሁለተኛዋን አየች፣ ሦስተኛዋን አየች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ የሰማሁት በወጣትነቴ፣ ጥጥ በምሸከምበት ዘመን ነው። ራት የሌለበት ቀን ብዙ ነበር፤ ክርክር ግን አይጠፋም። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አልናገርም። ጓደኞቼ ተሸካሚዎቹ ለጥሩሰው ይፈርዱ ነበር፤ ያንን ክፍል ያውቁታል። የወለዱ ሴቶች ለእንጉዳይ ይፈርዱ ነበር፤ ከመካከላቸው ግን «ሕፃን የሙት ምትክ አይሆንም» ብለው የሚከራከሩ አልጠፉም። ሽማግሌዎቹ «የፊተኛው ቃል ቃል ነው» ብለው ወደ ዳሳሽ ያደላሉ። አንድ ዘበኛ ብቻ «ለካቦው ይሰጥና ልብ ይግዛበት» ብሎ አሳቀን። ሁለት የቤት ተጋሪዎቼ በዚህ ነገር ተኮራርፈው ለየብቻ ሲበሉ ከርመዋል፤ የሚበላ ሲገኝ።

የእኔን ፍርድ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሁንም አልነግራችሁም።

ቄሱ እየጠበቁ ነው፤ ሕፃኗም በርዷታል። ቦታዋን የለቀቀችላት፣ ጤናዋን የሰጠችላት፣ ሐዘኗን የቀሰቀሰችላት፣ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል። በይታይሽ ቦታ ብትሆኑ ልጅቷን ለማን ታቀብላላችሁ? ክርስትናው የሚገባው ለማን ነው?