ምልክት ካልቆመ ሾፌር አይነዳ

ጆሯችሁን አውሱኝ፣ የአስካለን ነገር ላውጋችሁ።

አስካለ ጉልበቷን የሚያማት መበለት ነበረች፤ ቤቷ በአንድ ሐይቅ ዳር ነው። ታላቅ እህቷ ዘርፌ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ትኖራለች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች አስካለን ያጎረሰቻትም፣ ጠጉሯን የሠራቻትም፣ የዳረቻትም ዘርፌ ናት። ሰማዩ ሲጠራ አስካለ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ የእህቷን ቤት ቆርቆሮ ከማዶ ሲያብለጨልጭ ታያለች። እሱ ግን አይበቃትም። ክረምቱ ሲበረታ ዘርፌ መልእክት ላከች፦ «ዓይኔ እየደከመ ነው። ጨርሶ ሳይጨልምብኝ ነይና ፊትሽን ልየው።»

አስካለ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ መናኸሪያ ወረደች። ሐይቁን ዞሮ ማዶ የሚያደርሰው ሚኒባስ የገዛኸኝ ነው።

«ገዛኸኝ ልጄ፣ እህቴ ጋ አድርሰኝ።»

«እትዬ አስካለ፣ ባደርስዎት ደስ ባለኝ። ግን አልችልም» አለ። «ጎርፉ የመታጠፊያውን ምልክት ጠራርጎ ወስዶታል። እዚያ ጋ መንገዱ ድንገት ይታጠፋል። ሐይቁ ሲሞላ ደግሞ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይወጣና መንገዱ የቱ፣ ሐይቁ የቱ እንደሆነ አይለይም። ባለፈው ሰኔ፣ ምልክቱ እንደተወሰደ፣ አንዱ ቀጥታ ነድቶ ሐይቁ ውስጥ ገብቷል። ምልክቱ ሳይቆም ሰው ጭኜ አላልፍም።»

«ምልክት ካልቆመ ሾፌር አይነዳ፤ ሾፌር ካልነዳ እህቴን አላይ!» እያለች አስካለ ከዘራዋን ተመርኩዛ ወደ መንገድ ጥገና ሠራተኞች ሄደች።

ካቦው ሙሉሰው ሁለት አዳዲስ ምልክቶች ግድግዳ ላይ አስደግፎ አገኘችው። ሁለቱም ዙሪያቸው ቀይ፣ ሦስት ማዕዘን ናቸው። አንዱ ላይ የታጠፈ ቀስት፣ ሌላው ላይ አፍንጫዋን ወደ ውሃ የደፋች መኪና ተሥሏል።

«ይኸው አለልህ አይደል! ለምን አትተክለውም?»

«በምን ልትከለው እትዬ? ዳርቻው ጭቃ ነው። እግሩ በድንጋይ ካልተጠቀጠቀ ሳምንት አይቆምም። የድንጋይ መኪናችን ደግሞ ተበላሽታለች።»

«ድንጋይ ካልመጣ ምልክት አይቆም፣ ምልክት ካልቆመ ሾፌር አይነዳ፣ ሾፌር ካልነዳ እህቴን አላይ!» እያለች ባለጋሪው አየልኝ ቤት ደረሰች።

አየልኝ ፈረሱን አንገቱን እያሻሸ ቆሟል። ፈረሱ ጭንቅላቱን ደፍቷል።

«እትዬ፣ እምቢ ማለቴ አይደለም» አለ አየልኝ። «ግጦሹን ውሃ በላው፣ ድርቆሹ ረጠበ። ሣር ሳይበላ ድንጋይ ላስጎትተው ብል መንገድ ላይ ይወድቅብኛል። ሣር ያለው አያ ደምለው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለማንም አይሰጥም። ከሰኔ ወዲህ ከሰውም አይነጋገርም።»

«ፈረስ ካልበላ ጋሪ አይሄድ፣ ጋሪ ካልሄደ ድንጋይ አይመጣ፣ ድንጋይ ካልመጣ ምልክት አይቆም፣ ምልክት ካልቆመ ሾፌር አይነዳ፣ ሾፌር ካልነዳ እህቴን አላይ!» እያለች አስካለ ወደ ደምለው ቤት ዳገቱን ወጣች። ሁለቴ ተቀመጠች፣ ሁለቴ ተነሣች።

ደምለው ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ሣሩ እስከ ወገብ ደርሷል።

«የምሰጠው ሣር የለኝም» አለ ገና ሳትጠይቀው።

አስካለ እግሩ ሥር ዘፍ አለችና አለቀሰች። «አንተ ካላጨድክ ፈረስ አይበላ፣ ፈረስ ካልበላ ጋሪ አይሄድ፣ ጋሪ ካልሄደ ድንጋይ አይመጣ፣ ድንጋይ ካልመጣ ምልክት አይቆም፣ ምልክት ካልቆመ...»

ደምለው ቀና አለ። «የትኛው ምልክት?»

«የመታጠፊያው። የሐይቁ።»

ዞሮ ሐይቁን አየ።

«እዚያ የገባው ወንድሜ ነው» አለ። «እኔን ሊጠይቅ እየመጣ ነበር። አገሩን አያውቀውም። የነገረውም የለም።»

አስካለ እጁን ያዘችው። እሱም ተነሥቶ ከጣራው ሥር ማጭዱን መዘዘ።

እንግዲህ ደምለው ሣሩን አጨደ፣ ሣሩን ፈረሱ በላ፣ ፈረሱ ጋሪውን ጎተተ፣ ጋሪው ድንጋዩን አመጣ፣ ድንጋዩ ምልክቱን አቆመ። ድንጋዩን የጠቀጠቀው ደምለው ራሱ ነው፤ ካቦው «ይበቃል» ቢለውም አልሰማውም። ምልክቱ ሲቆም ገዛኸኝ ሞተሩን አስነሣ።

ዝናብ እያካፋ ሄዱ። ምልክቶቹ ከሩቅ ታዩ። ገዛኸኝ ማርሽ ቀነሰ፣ እያዘገመ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አቆመ። ውሃው አስፋልቱን አቋርጦ ይፈስሳል፤ ቡናማ ነው፣ ሥሩ አይታይም። ከዚያ ወዲያ የዘርፌ ቤት በሩ ሳይቀር ይታያል። በሩ ላይ ሰው ተቀምጧል።

«ይቺን ታህል ውሃ ምን ትሆናለች? እለፋት!» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ መንገደኛ።

ገዛኸኝ በመስተዋቱ አስካለን አያት። ልቧ ከሚኒባሱ ወርዶ ማዶ ደርሷል። «እለፍ» ልትል አፏን ከፈተች። የደምለው ጭቃ የለበሱ እጆች ትዝ አሏት።

«ጠብቅ ልጄ» አለች። «እኔም እጠብቃለሁ።»

ጠበቁ። ዝናቡ አባራ። አስካለ ዓይኗን ከዚያች በር ሳትነቅል፣ ውሃው ጣት በጣት ጎደለ። ከሰዓት በኋላ የአስፋልቱ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ሲገለጥ ገዛኸኝ ቀስ ብሎ አሻገራቸው።

ዘርፌ የአስካለን ድምፅ ሰምታ ተነሣች። የእህቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ አስጠግታ፣ አርቃ፣ ደግሞ አስጠግታ ተመለከተችው።

«ውይ አስካለ! ጠጉርሽ እንዲህ ነጥቷል እንዴ?»

«አየሽው?» አለች አስካለ፤ ሳቅና ልቅሶ ባንድ ላይ መጡባት። «በይ እዪው፣ ጠግበሽ እዪው!» ሻሿን ፈትታ ራሷን የእህቷ ጭን ላይ አሳረፈች።