ያልታረመ ምስክርነት

በጉባኤ ፊት የተሰጠ ምስክርነት ስሕተት ሆኖ ሲገኝ እንዴት ይታረማል? ጥያቄውን ይዤ መጥቻለሁ፤ መልሱን አላውቅም።

አንድ ሰው ነበር። ባሕር ማዶ የተማረ፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የሚውል ሰው። የሚያጠናው የካላዛርን ተሕዋስ ነው፤ በሰሊጥ እርሻ የሚውለውን የቀን ሠራተኛ ጣፊያ የሚያሳብጠውን፣ ካልታከመ የሚገድለውን። በተሕዋሱ ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባል፣ እንደ ክር የረዘመ ነገር አለ። ክሩ በራሱ ላይ ይተጣጠፋል። የእጥፋቱ ቅርጽ ከታወቀ፣ በእጥፋቱ መካከል ገብቶ የሚይዘው መድኃኒት ይፈለግለታል። ነገር ግን ቅርጹን በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይገምታል።

ገመተም። ብዙ ቅርጽ አወጣ፤ ይበልጥ ሊሆን ይችላል ያለውን ከላይ አስቀመጠ። ልብ በሉ፤ "ሊሆን ይችላል" ነው ያለው።

ሰውየው ለእረፍት ወደ ቆላው ከተማችን መጣ። እሑድ፣ በምስክርነት ሰዓት ተነሣ። ኮምፒውተሩ ከላይ ያስቀመጠውን ቅርጽ፣ ያን የሚያምር ሥዕል፣ ግድግዳው ላይ አበራና፣ "ጌታ የካላዛርን መድኃኒት ሰጥቶናል!" አለ።

ማሽኑ የገመተውን ሰውየው እርግጥ አድርጎ መሰከረ። ጉባኤውስ? ጠየቀ እንዴ? እልል አለ እንጂ!

አስናቀው የሚባል የእርሻ ሠራተኛ እዚያ ነበር። ካላዛር ይዞት መርፌ ከጀመረ ሰንብቷል። ሆዱን እየደባበሰ "ለመውለድ ተቃርቤአለሁ" እያለ የሚያስቅ ሰው ነው። ሲወጡ ሰውየውን በር ላይ ያዘው።

"ዶክተር፣ የሚዋጥ ነው የሚወጋ?"

"የሚዋጥ ይሆናል።"

"ተመስገን! መቀመጫዬ ወንፊት ሆኗል እኮ። በቃ፣ ነገ መርፌ የለም።"

ሚስቱ እናኑ ክንዱን ጎተተችው። "አንተ ሰው፣ የጀመርከውን ጨርስ!"

"ምነው እናኑ፣ ከእልልታው ላይ ነበርሽ፤ እምነትሽን ወንበሩ ላይ ረሳሽው?"

ሁሉም ሳቁ። ሰውየውም ሳቀ። "መርፌህን እንዳታቋርጥ" ሊል አፉን ሲከፍት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለምሳ ይዘውት ሄዱ። ምሳው ላይም ስለ ሥዕሉ ሲጠይቁት አስናቀውን ረሳው።

ተመልሶ ወደ ቤተ ሙከራው ገባ። በሙከራ ሲፈተን፣ እውነተኛው ክር እንደ ሥዕሉ አልተጣጠፈም። መድኃኒት ይሆናል የተባለውም አልያዘውም። በዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፤ ሰው ወደ ሁለተኛው ግምት ያልፋል። ለኮምፒውተሩ ምንም ማለት አይደለም።

ሰውየው ወደ ሽማግሌው ደወለ። "ጋሼ፣ ያልኩት አልሆነም። እሑድ ይነገርልኝ።"

"ልጄ፣ የሕዝቡን እምነት አናቀዝቅዝ" አሉት። "ትንሽ ቆይ፤ ጌታ ሌላ በር ይከፍታል።"

ቆየ። መቆየት ደግሞ ደስ ይላል፤ ትሕትና ይመስላል።

ወገኖቼ፣ ለዝማሬ ሰዓት አለን። ለማስታወቂያ ሰዓት አለን። ለምስክርነት ሰዓት አለን። "ያልኩት አልሆነም" ለማለት የሚነሣ ሰው ግን መቼ ነው የሚነሣው? ማንስ እልል ይልለታል? "ተፈውሳለች" ያላችኋት እህት አሁንም ታማለች፤ እናንተ ግን ምስክርነታችሁን ሰጥታችሁ ተቀምጣችኋል። "ጌታ ነግሮኛል" ብላችሁ ያጋባችኋቸው ተለያይተዋል፤ ማን ተነሥቶ ተናገረ? እምነት እንዳይቀዘቅዝ ብላችሁ ዝም ስትሉ፣ በእናንተ ቃል መድኃኒቱን የተወ ሰው እቤቱ ተኝቶ ይሆናል። እናንተ የምትጠብቁት ስማችሁን ነው፤ እምነት አትበሉት።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ከምሳ በፊት፣ ያን ሰው ፈልጉት። ለምን እንደምቸኩል ልንገራችሁ።

ያ ሥዕሉን ያሳየው ሰው በመጨረሻ ሽማግሌውንም ጉባኤውንም ተወና በቀጥታ ወደ አስናቀው ስልክ ጻፈ፦ "ወንድሜ፣ የነገርኩህ መድኃኒት አልሆነም። ስለ እግዚአብሔር፣ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት ተመለስ። መርፌህን ጀምር።"

ላከው። መልስ የሰጠው የለም።