የቀኛዝማች ስም በወፍራም ፊደል

ቀኛዝማች ድንበሩ ለገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የብረት በር ሰጡ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ አንድ ቀለም ቀቢ አስጠሩና፣ «ስሜን በሩ ላይ ጻፍልኝ። ፊደሉ ወፍራም፣ ድብልብል፣ ሹል የሚባል ነገር የሌለው ይሁን። ከወንዙ ማዶ ይነበብ!» አሉት።

ሰውየው ግን ስማቸውን ከበሩ ማጠፊያ አጠገብ በቀጭን ፊደል ጽፎት ሄደ። በንግሡ ዕለት ቀኛዝማች ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። አስጠሩትና ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ! ይሄ ፊደል ነው ወይስ የጉንዳን መንገድ? አሁኑኑ አወፍረው፤ እምቢ ካልክ በዚህ አገር ሁለተኛ ብሩሽ አትይዝም!» አሉት።

«ጌታዬ፣ ማን እንዲያየው ነው የማወፍረው?» አለ።

«እግዚአብሔር ነዋ! በሩን የሰጠሁት ለእሱ አይደለም እንዴ? ወይስ እሱ ስሜን አይይልኝ ነው የምትለው?»

ለዚህ መልስ መስጠት ያስፈራል። ቄሱ እንኳ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ሰውየው ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረና፣ «ኧረ ጌታዬ፣ እግዚአብሔርማ ቀጭኑንም ያነባል! እኔ ወፍራም ድብልብል ፊደል የምጽፈው ለሱቅ ነው። ምን እንደሚሸጡ ይንገሩኝና አሁኑኑ ላወፍረው» አላቸው።