ቁልቁለቱን ፍሪ የሚወርደው ሹፌር

አንድ ጓንጉል የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነበረ። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ እየጎተተ፣ የሰው እህልና የሰው ሲሚንቶ ከአገር አገር ሲያደርስ ኖሮ በመጨረሻ ጡረታ ወጣ። ሚስቱ የሺመቤት ትባላለች። እሱ በየተራራው ሲያድር እሷ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ስታድር ኖራለች። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ታዲያ ስለ አንድ ቦታ ያወራላት ነበር። «ከተራሮቹ ሁሉ በላይ አንድ ሜዳ አለ፤ ጠዋት ስትነሺ ደመናው ከእግርሽ በታች ተኝቶ ታዪዋለሽ። አንድ ቀን ወስጄ አሳድርሻለሁ» ይላታል። የሺመቤትም ያንን ሜዳ በሕልሟ እያየች አረጀች።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ቁርጡን ነገረችው።

«አንተ ሰው፣ ወጣትነቴ አንተን ስጠብቅ አለቀ። አሁን እፎይ አልኩ ስል ደግሞ ከጓደኞችህ ጋር ከረምቡላ ቤት ትውላለህ። ለመስቀል እዚያ ሜዳ ላይ ካላሳደርከኝ ጓዜን ጠቅልዬ እህቴ ጋ ሄጄ እኖራለሁ። እዚያ ቢያንስ የሚያዋራኝ ሰው አለ።»

ጓንጉል መጀመሪያ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠው፤ የምሯን ነበር።

ስለዚህ ያለ የሌለውን አሰባስቦ ሃይብሪድ የሚሏትን፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ትንሽ ፒክአፕ ገዛ። ለአንድ በያጅ ነግሮ ደግሞ ከኋላዋ የምትጎተት፣ አልጋና መስኮት ያላት ትንሽ ቤት አሠራ። ቤት እንዳይሏት ሁለት ሰው ቆሞ አይላወስባትም፣ ሳጥን እንዳይሏት መጋረጃ አላት። መጋረጃውን የሰፋችው የሺመቤት ናት።

ዝናቡ ሲያባራ ተነሡ። ተራሮቹ ላይ ሲደርሱ ጭጋግ መንገዱን ውጦት ነበር። ፒክአፗ በባትሪ በምትሄድበት ጊዜ ድምፅ የላትም፤ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ እያሉ፣ ሰው መስለው ቆመው፣ ተመልሰው ይጠፋሉ። የሺመቤት አገጯን በመዳፏ ደግፋ በመስኮቱ ስታይ ቆየችና፣ «እኛ ነን የምንሄደው ወይስ ተራራው?» አለች።

«እኛ ነን። ተራራውማ መቼ ነዳጅ ገዛ» አለ ጓንጉል፤ ሁለቱም ሳቁ። ደስ ብሏቸው ነበር።

የመጀመሪያውን ዳገት ጨርሰው ቁልቁለቱ ሲጀምር የሺመቤት አንድ ነገር አየች። ከመሪው ጀርባ፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ የባትሪ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ውስጥ ያለችው አረንጓዴ መስመር ዳገቱን ሲወጡ ስታጥር ቆይታ፣ አሁን ወደ ታች ሲያዘቀዝቁ እንደገና ማደግ ጀመረች፤ የሚንከባለለው ጎማ ባትሪውን እየሞላው ነበር። ወዲያው ጓንጉል እጁን ሰደደና ማርሹን ፍሪ አደረገው፤ ሞተሩን ከጎማው አላቀቀው። መስመሯም ባለችበት ቀረች።

«አንተ፣ ይቺ አረንጓዴ ነገር ፍሪ ስታደርግ እኮ ታንቀላፋለች» አለችው።

«የሺ፣ በስተርጅና መኪና ልታስተምሪኝ ነው? ቁልቁለት ማለት ፍሪ ማለት ነው። እግዜር በነጻ ለሰጠው መንገድ ነዳጅ አላቃጥልም።»

ይህ የጓንጉል የድሮ ልማድ ነበር። በከባድ መኪናው ዘመን ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ማርሽ ፍሪ አድርጎ፣ ሞተሩን አሳርፎ መንከባለል ይወዳል። ለስንት ሰው ገደል መግቢያ የሆነ ልማድ ነው፤ እሱ ግን አንድም ቀን ስላልቀጣው ጥበብ አድርጎ ይዞታል። የሺመቤት፣ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ተሳቢዋ ከኋላ መግፋት ጀመረች። ጓንጉል ፍሬን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይረግጣል። ወንዙ ጋ ሲደርሱ የጋለ ፍሬን ሽታ አፍንጫቸውን ሞላው። ድልድዩን ተሻግረው ሁለተኛውን ዳገት ሲጀምሩ ፒክአፗ እንደ ቅድሙ አልሆነችም። ባትሪዋ ተሟጧል፤ ትንሹ ሞተር ብቻውን ይጮኻል እንጂ ወደፊት አይልም። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ጭራሽ ቆመች።

«ታኮ! ታኮ አድርጊ!» ብሎ ጮኸ ጓንጉል፣ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ።

የሺመቤት ታኮ ምን እንደሆነ ከሱ ወሬ ታውቃለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ወርዳ ትልልቅ ድንጋይ እየተሸከመች ከተሳቢዋም ከፒክአፗም ጎማ ኋላ ቀረቀረች። ከዚያ እጇን አራግፋ መንገዱ ዳር ተቀመጠች። ጓንጉልም የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ወርዶ፣ ተሳቢዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረጋት።

«ይቺ ናት ጉልበታችንን የበላችው። ፈትተን እዚሁ እንተዋት። ፒክአፗ ባዶዋን ከሆነች በአንድ ትንፋሽ ትወጣለች። ሜዳውን አሳይሽና ተመልሰን እንወስዳታለን።»

«ማየቱንማ አንተ ስታወራልኝ አይቼዋለሁ» አለች የሺመቤት። «ያላገኘሁት አብሮ ማደሩን ነው።»

ጭጋጉ መጥቶ በመካከላቸው አለፈ፤ ለአፍታ ያህል አልተያዩም። እሷም ፊቱን በማታይበት በዚያች አፍታ የልቧን ተናገረች።

«መኪናህ ጭቃ ውስጥ የቀረች ጊዜ ደወልክልኝ። ወባ የያዘህ ጊዜ ደወልክልኝ። ስትከሰስም፣ ስትቸገርም የሺ ድረሽልኝ ትላለህ፤ ደርሼልህም አውቃለሁ። ሥራው በሞላበት፣ ጤና በሆንክበት ወራት ግን ድምፅህ ይጠፋል። ዳገት ላይ ስትሆን ትጠራኛለህ፤ ቁልቁለት ስታገኝ ትለቀኛለህ። ታዲያ በምን ጉልበት ልሳብህ? የኔም እኮ ያልቃል፣ ጓንጉል።»

ብዙ ጊዜ ተቆጥታው ታውቃለች፤ እንዲህ ረጋ ብላ ነግራው ግን አታውቅም። ጓንጉል አፈረ። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩን ስላላጠፋው ቤንዚኑ ለባትሪው ጥቂት ጥቂት ያቀብለው ጀመር። ሁለቱም ደመናው ከሸለቆው ተነሥቶ በእግራቸው ሥር ሲያልፍ እያዩ፣ ፍሬኑ እስኪበርድ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው በጭንቅ፣ እየተንፏቀቁ የቀረውን ዳገት ወጡ።

ከአናቱ ላይ ትልቁ ቁልቁለት ተዘረጋ። ከሱ ወዲያ ደግሞ ከሁሉም የሚረዝመው የሜዳው ዳገት ይታያል። የጓንጉል እጅ ሳያዘው ወደ ማርሹ ሄደ። እዚያ ደርሶ ቆመ። የሺመቤት ዓይን አረንጓዴዋ መስመር ላይ ነበር። እሱም ፍሪ በማድረግ ፈንታ ከባዱን ማርሽ፣ መኪናዋን ከታች አንቆ የሚይዘውን አስገባ።

ተሳቢዋ ገፋች። ፒክአፗ ያዘቻት። ከሥራቸው ንብ የገባበት ቀፎ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ያቺ አረንጓዴ መስመርም ቀና አለች።

«እየገፋችን ነው» አለ ጓንጉል።

«ትግፋ» አለች የሺመቤት። «አንተ ያዛት እንጂ አትልቀቃት።»

ጭጋግ ውስጥ ገቡ። ወደ ታች እየወረዱ ይሁን ወደ ላይ እየተንሳፈፉ ለራሳቸውም አልታወቃቸውም። ጎማው መሬት መንካቱን ያወቁት አልፎ አልፎ ጠጠር ሲንኳኳ ብቻ ነው። ፍሬኑ አልጋለም፤ መኪናዋም አልተጣደፈችም። ዳገት ላይ የረገሙት ክብደት አሁን ከኋላቸው ሆኖ፣ እየገፋ፣ ባዶውን ባትሪ ሞላው። ከታች ሲደርሱ መስመሯ ዳር ድረስ ሄዳ ነበር። የመጨረሻውን ዳገት ፒክአፗ ያለ አንዳች ማጉረምረም፣ ቤቲቱን አስከትላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣችው።

ጠዋት ሲነሡ ደመናው እውነትም ከእግራቸው በታች ተኝቷል። የተራሮቹ ጫፍ ብቻ እዚህም እዚያም ወጣ ወጣ ብሏል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ይበላሉ። ብርዱ ለስለስ ያለ፣ ፀሐዩም ደስ የሚል ነበር። የጎደለ ነገር አልነበረም፤ የሚጣደፉበት ቦታም የለም። ድሮ ቢሆን ጓንጉል እንዲህ ባለ ሰዓት ወይ ይተኛል፣ ወይ ስልኩን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ይሳሳቃል። ዛሬ ግን ወንበሩን ወደ ሚስቱ አስጠጋ።

«እስኪ ንገሪኝ፣ የሺ» አላት። «እኔ መንገድ ላይ ሆኜ አንቺ ስትጠብቂ እንዴት ነበር የምትውዪው?»

የሺመቤት ዞር ብላ አየችው። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህን ጠይቋት አያውቅም። መጀመሪያ እንባዋ መጣ፤ ቀጥሎ ወሬዋ መጣ። ስለ ጎረቤቱ፣ ስላፈሰሰው ጣራ፣ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በር ስለወጣችበት ክረምት ስትነግረው ረፈደ። እሱም አላቋረጣትም። ደመናው ከሥራቸው ተገፎ አገሩ ሁሉ ሲገለጥ እንኳ ወሬው አላለቀም ነበር። በመካከሉ ስልኳን አንሥታ እህቷ ጋ ደወለችና፣ «ያዘጋጀሽልኝን አልጋ ለእንግዳ አድርጊው፤ እኔ አልመጣም» አለቻት።

ወዳጄ ሆይ፣ ሰው ዳገት ላይ ሲሆን የሚወደውን መጥራት አያቅተውም፤ ችግር ራሱ ያስጠራዋል። ፍቅር የሚጠራቀመው ግን ቁልቁለት ላይ ነው፤ ጤና ሲሆን፣ ሥራ ሲሞላ፣ ሁሉ ነገር በራሱ የሚሄድ በሚመስልበት ጊዜ። በደህናው ቀን የያዝነው ሰው በክፉው ቀን ጉልበት ይሆነናል። በደህናው ቀን ከለቀቅነው ግን፣ ዳገቱ ሲመጣ ብንጠራውም እሱም ባዶ ነው። ክፋት አይደለም፣ ያልሞላንለትን ከየት ያመጣል?

አንተስ፣ አንቺስ፣ ምንም ሳይቸግርህ፣ ምንም ሳትፈልጊ፣ «እንዴት ነው የምትውለው?» ብላችሁ የጠየቃችሁት ሰው የመጨረሻው ማን ነበር?