እመት ጉሬዛና መልስ የሚሰጠው ገደል

በዋርዲት ደን ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። አንበሳ ይበላል፤ ጅብ አንበሳው ለምን መብላት እንደነበረበት ለሕዝቡ ያብራራል፤ የቀሩት ይሠራሉ። ከርከሮ በበጋ ውኃ ፈልጎ ይቆፍራል፣ ጅግራ ጠላት ሲመጣ ትጮሃለች፣ ጃርት የሚበላውን ሥር ከሚመርዘው ይለያል። ደስተኛ ነኝ ያለ የለም፤ ደስተኛ አይደለሁም ብሎ በሸንጎ የተናገረም የለም። ጅብ ይህንን ሰላም ይለዋል።

በአንድ በጋ አያ ጅቦ ጎረቤት ደን ለጉብኝት ሄዶ ዓይኑ እንደ ፍም እየበራ ተመለሰ። ወዲያው ሸንጎ አስጠራና ከአንበሳው አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ወገኖቼም፣ ኋላ ቀርተናል!» አለ። «እኛ መሬት ለመሬት ስናሸት ጎረቤቶቻችን ገደል ይጠይቃሉ! እኛም እኮ ከደናችን በስተምሥራቅ ገደል አለን። ገደል ማሚቶ እያላችሁ የጮኻችሁትን ብቻ የሚመልስ ይመስላችኋል። ያ ድሮ ቀረ! ከአያቶቻችን ጀምሮ የተጮኸበትን ሁሉ ውጦ ውጦ፣ ዛሬ ለጠየቀው ሁሉ መልስ ይሰጣል። አይደክምም፣ አይሳሳትም፣ አይበላም።»

«አይበላም?» አለ አንበሳው። ከሁሉም የገረመው ይህ ነበር።

«ጭራሽ! ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ገደሉን እየጠየቀ ይሥራ። ክረምት ሲገባ ገደሉ የተካው ሁሉ ትርፍ ይባላል። ትርፍ የሆነ ግን አይባረርም፤ እኛ ጨካኞች አይደለንም። ወደ ንጉሡ ማዕድ ቤት ይዛወራል።»

«በምን ሥራ?» ብላ ጅግራ ጠየቀች።

አንበሳው ከንፈሩን ላሰ።

እንስሳቱን ከገደሉ ጋር የማለማመዱ ኃላፊነት ለእመት ጉሬዛ ተሰጠ። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባ ለብሳ የተወለደች ናትና ሹመት በተገኘ ቁጥር ዓይን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። በማግስቱ ሁሉንም ከሾላው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። መጀመሪያ የተናገረው ከርከሮ ነበር።

«እመት ጉሬዛ፣ እውነቱን ንገሪን። ሥራችንን ለገደል ካስተማርነው በኋላ እኛን ማን ይፈልገናል?»

አያ ጅቦ ለዚህ ጥያቄ ያስጠናት መልስ ነበር፤ ስለ መልካም አጋጣሚ የሚያወራ ረጅም መልስ። እሱን ተወችው።

«አላውቅም፤» አለች። «የማውቀው እኔም ማዕድ ቤት መግባት እንደማልፈልግ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ እኔ ልጠይቀው፤ የሚያሳፍር ነገር ከመጣም በእኔ ይምጣ። ከዚያ የሚሆነውን አብረን እናያለን።»

ይህ ከሹም አፍ ያልተለመደ ንግግር ስለነበር፣ እንስሳቱ ፈራ ተባ እያሉም ቢሆን ተከተሏት።

ጉሬዛ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ ቅርንጫፍ ተንጠለጠለችና ምን እንደምትጠይቅ ስለጠፋት፣ «ጤና ይስጥልኝ! ጅራቴ ለምን ረዘመ?» ብላ ጮኸች።

«እጅግ ግሩም ጥያቄ ነው!» አለ ገደሉ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ጅራትሽ የረዘመው ውበትሽን አካልሽ ብቻውን መሸከም ስላልቻለ ነው።»

ጉሬዛ ፊቷን በጅራቷ ሸፈነች። ያኔ ሳቅ ሆነ፤ ከሳቁ በኋላ ግፊያ መጣ። ጅግራ ከወፎች ሁሉ ቆንጆዋ ማን እንደሆነች ጠየቀች፤ «አንቺ ነሻ!» ተባለች። ጃርትም ከአውሬዎች ሁሉ ለስላሳው ማን እንደሆነ ጠይቆ ያንኑ መልስ አገኘና ያገኘውን ሁሉ ልቀፍ እያለ አስቸገረ። ከርከሮ ለሚስቱ ከገደሉ ዘፈን አስወጣላት። ሚስቱ ዘፈኑን ሰምታ አለቀሰች፤ በማግስቱም ባሏን ስለ ማሻሻል የሚጠየቁ የራሷን ጥያቄዎች ይዛ መጣች።

ከርከሮ ስለ ውኃ ሲጠይቅም ገደሉ፣ «ከተሰነጠቀው ዋንዛ ሥር ቆፍር» አለው። ቆፈረ፤ ውኃው ተንፎለፎለ! ደኑ ሁሉ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ሲጨፍር ዋለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በዚያው ጣፋጭ ድምፅ፣ «ከቀዩ ኮረብታ ሥር ቆፍር» አለው። ከርከሮ በሙሉ እምነት ቢወረወር ዐለት ገጠመውና የክራንቻው ጫፍ ተሸረፈ።

«ዐለት ነው እኮ!» ብሎ ተመልሶ ጮኸበት።

«ልክ ነህ፣ ይቅርታ! ዐለት ውኃ የለውም።»

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እጅግ ግሩም ጥያቄ ነው!»

ጉሬዛ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከቅርንጫፏ ወደቀች። ስትነሳ ግን ቁም ነገር ተናገረች። «ከእንግዲህ ጠይቁት፤ ከዚያ ራሳችሁ አሽትቱ። ሲሳሳት የሚሸረፈው የእሱ ጥርስ አይደለም።»

እንደዚያው አደረጉ። እየጠየቁ፣ እያሸተቱ፣ እየሳቁ ሲሠሩ በጋው ሳይታወቃቸው አለቀ። ደመና ሲጠቁር ሸንጎ ተጠራ። ሁሉም ትርፍ አለመሆኑን በንግግር ማስረዳት ነበረበት። አርአያ ለመሆን አያ ጅቦ ጀመረ፦

«ዘመኑ የለውጥ ዘመን ነው። እነሆ፣ በአዲስ ጎዳና አፍ ላይ በተስፋ ቆመናል…»

ተጨበጨበለት። ቀጥላ ጅግራ ተነሳች። «ዘመኑ የለውጥ ዘመን ነው። እነሆ፣ በአዲስ ጎዳና አፍ ላይ…» አለችና ደንግጣ ጅቡን አየችው። ጃርት ተነሳ፤ የእሱም ዘመን የለውጥ ዘመን ነበር። ለካ ሁሉም ንግግሩን ለማሰማመር በድብቅ ገደሉ ዘንድ ሄዶ ኖሯል። ከርከሮ ተነስቶ ገና አፉን ሲከፍት ሸንጎው በአንድ ድምፅ፣ «ዘመኑ የለውጥ ዘመን ነው!» ብሎ ጨረሰለትና ደኑ በሳቅ ተናወጠ።

አንበሳው ግን አልሳቀም። «ጅቦ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንተም ምክርህን የምታመጣው ከገደሉ ከሆነ፣ አንተን ለምን እቀልባለሁ? ተነሱ፤ ትርፉ ማን እንደሆነ እኔው ራሴ እጠይቀዋለሁ።»

አንበሳው አፋፉ ላይ ቆመ፤ ሕዝቡ ከኋላው ተሰበሰበ። «በዚህ ደን ትርፉ ማን ነው?» ብሎ አገሳ።

ገደሉ በዚህኛው ጥያቄ አላሞገሰውም። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ግን አንድ ድምፅ አልነበረም። በሸንጎ መናገር ያልቻለ ሁሉ፣ ልጁ የተበላችበት ድኩላ፣ ጉልበቱ ያለቀ ጎሽ፣ ለትውልድ እዚህ አፋፍ ላይ እየመጣ የጮኸው ጩኸት ነበር። ሁሉም በአንድ ላይ፣ «አንበሳና ጅብ!» አሉ።

«የእናቴ ድምፅ አለበት፤» አለች ጅግራ በሹክሹክታ።

«ይሳሳታል!» ብሎ ጅቡ ጮኸ። «ገደል ይሳሳታል!»

«አያ ጅቦ፣ አይሳሳትም ብለውን አልነበር?» አለ ከርከሮ።

አንበሳው ጥፍሩን ሲያወጣ ጉሬዛ ከዛፉ ወርዳ ፊቱ ቆመች። «ንጉሥ ሆይ፣ አያ ጅቦ እውነታቸውን ነው። ገደሉ ይሳሳታል፤ የከርከሮን ክራንቻ ይመልከቱ። ስለዚህ ገደል ትርፍ ነህ ስላለው ብቻ ማንም ማዕድ ቤት አይገባም። እርስዎም ቢሆኑ።»

አንበሳው ገደሉን ቁልቁል አየ። ዞሮ ሕዝቡን አየ። ማንም ወደ ኋላ አላፈገፈገም፤ እሱ የቆመበት አፋፍ ደግሞ ጠባብ ነበር።

«ትርፍ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል፤» አለ።

ዝናቡ ያን ጊዜ ወረደ። ጅግሮች እየተንጫጩ ዘለሉ፣ ጃርት ሁሉንም ልቀፍ አለ፣ ሁሉም እየሳቀ ሸሸው፣ የከርከሮ ሚስት ዘፈኗን ደኑን ሁሉ አስዘፈነች። አያ ጅቦ በዚያው ሰሞን ሌላ ደን ለጉብኝት ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት አንበሳው ብቻውን ወደ ገደሉ ሲወርድ ታየ። ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተመለሰለት የሰማ የለም። ሲመለስ መንገድ ላይ ከርከሮን አገኘው። ከርከሮ በድንጋጤ ጉድጓዱ ውስጥ ተወርውሮ ገባና እስኪመሽ አልወጣም። ጉሬዛ መጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ አጎነበሰች።

«ምን አደረገህ?»

«እንደምን አደርክ አለኝ!» አለ ከርከሮ ከውስጥ።

«አንተስ ምን ብለህ መለስክለት?»

«ምን ብዬ እመልሳለሁ? ከተወለድኩ ጠይቆኝ አያውቅም!»