ክላክስ ወዳዱ ሥራ አስኪያጅ

ክላክስ የሚወዱ አንድ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ከግቢ ሲወጡ ዘበኛው፣ ሊስትሮው፣ ፍየሉ ሳይቀር ዞሮ ካላያቸው የወጡ አይመስላቸውም። አንድ ጠዋት ግን ክላክሱ ዝም አለ።

«ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ትርፍ የለንም» አላቸው ሾፌሩ።

«ከየትም ንቀልና ግጠምለት! ብቻ ሰው ዞሮ ይየኝ!»

ሾፌሩ የዝናብ መጥረጊያውን ፊውዝ ነቅሎ ለክላክሱ ገጠመለት። ከተማውን እያስደነገጡ ሲሄዱ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ፤ ወዲያው መስታወቱ ውሃ ብቻ ሆነ። መጥረጊያው ንቅንቅ አላለም። መኪናዋም ክላክሷን እያምባረቀች አደባባዩ ላይ ወጣችና አበባው መሀል ቆመች።

«አንተ ዕውር! ይሄ መጥረጊያ ለምን እንደማይሠራ አሁኑኑ ካልነገርከኝ ተባረሃል!» ብለው ጮኹ።

ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ እንዲህ አላቸው፦

«ፊውዙን ለክላክሱ ሰጥቼው ነዋ፣ ጌታዬ! ሰው እንዲያየን አዘዙኝ እንጂ፣ እኛም እንድናይ መቼ አዘዙኝ?»